ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ፤ ልክፈተው?

ባሕር ዳር ውስጥ ለ27 ዓመት ቴሌቪዥንና ራዲዮ የጠገኑት የዓምዳችን ባለሙያ በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሽምብጥ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናችን ድምፅ ብቻ ሆነ። ስክሪኑ ጨልሟል። 43 ኢንች ፍላት ነው። ጠጋኝ መጥቶ ዋጋውን ሲናገር እናቴ «ቡና ጠጥተህ ሂድ» ብላ ሸኘችው። እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ፤ በፊዚክስ አልታማም። አፈታቱን ስልኬ ላይ በቪዲዮ አይቻለሁ። ካቻቢቴና ቴስተርም ገዝቻለሁ። ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ። ብከፍተው ምን ያደርገኛል?

መልስ፦ የእናትህን አሸኛኘት ወድጄዋለሁ። አንተ ግን አትክፈተው። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል።

«ነቅዬዋለሁ» የምትለዋን ቃል እኔም ብያታለሁ። በ1991 ዓ.ም. ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ሥራ እለምድ ነበር። አለቃዬ ምሳ ሲወጣ «ምንም እንዳትነካ» ብሎኝ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ አንድ 21 ኢንች፣ ያ የድሮው ወፍራሙ፣ ጀርባውን ተከፍቶ ተቀምጧል። ጠዋት ሞክረነው ነቅለነዋል። የምስል ቱቦው ላይ አንዲት የጎማ ቆብ አለች፤ ወፍራም ቀይ ሽቦ ይገባባታል። አቧራ ለብሳለች። ልጥረግላት ብዬ ጣቴን ሰደድኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ክንዴ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ሲወረወር ነው። ክርኔ የቱቦውን አንገት መታው። ፍስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አየር ሲገባበት ነው። አለቃዬ ሲመለስ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁጭ ብያለሁ። አልተቆጣም። የቱቦውን ዋጋ ብቻ ከደሞዜ ሰባት ወር ቆረጠ።

ያ ቱቦ ሲሠራ 25,000 ቮልት ገደማ ይሸከማል። መስታወቱ በውስጥም በውጭም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቅብ አለው። ስለዚህ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን እንደ እንስራ ይዞ ይቆያል። በሥራዬ ካየኋቸው ጉዳቶች ደግሞ ብዙዎቹ ከኮረንቲው አይደሉም፤ ከመፈናጠሩ ናቸው። እጅ ሲወረወር ስለት ላይ ያርፋል፣ ሰው ከወንበር ይወድቃል።

«የኔ ፍላት ነው፤ ቱቦ የለውም» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ግን ፓወር ቦርዱ፣ ማለትም ኃይሉን ለቴሌቪዥኑ የሚያድለው ሰሌዳ ላይ፣ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ወፍራም ካፓሲተር፣ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ታገኛለህ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት እዚያ ሲደርስ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይ 400 ይጠጋል። አሁን ይህን ልብ በል። ጤነኛ ቴሌቪዥን ስትነቅለው ያን የተጠራቀመ ቻርጅ ራሱ ይበላዋል። ፓወሩ የተበላሸ ግን የሚበላለት የለም፤ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ሙት የመሰለው ነው ከሁሉም የሚያስፈራው።

ደግሞ ያ የገዛኸው ቴስተር አያድንህም። እሱ የሶኬትን ፌዝ፣ ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ፣ ለማየት የተሠራ ነው። የተነቀለ ቴሌቪዥን ውስጥ ቻርጅ ይዞ የተቀመጠ ካፓሲተር ብትነካበት አይበራም። አንተም «ሰላም ነው» ብለህ እጅህን ትሰዳለህ። በካቻቢቴ አጋጭቶ ማራገፍ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። የካቻቢቴዬ ጫፍ ተበልቶ ቀርቷል፤ ዛሬም ለተለማማጆች አሳየዋለሁ።

ይልቅ ምንም ሳትፈታ ልትሠራው የምትችለው ሥራ አለ። ማታ የቤቱን መብራት አጥፋ። ቴሌቪዥኑን አብራና የስልክህን ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግተህ አግድም አብራበት። ሰው ሲንቀሳቀስ ደብዘዝ ብሎ ከታየህ ምስሉ አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው ባክላይት ነው። አምፖሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ሊጠፉ ይችላሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ሲዘልል የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ፓወር ቦርዱ ነው። ስለዚህ ያየኸውን ለጠጋኙ ንገረው፤ መላ ምቱን ያሳጥርለታል።

ባክላይቱ ከሆነ ደግሞ አምፖሎቹ ያሉት ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ስክሪኑ ራሱ መነሳት አለበት። እንጀራ ከምጣድ በሰፌድ ሲወጣ አይተህ የለ? አንዱ ጥግ ከቀደመ ይቀደዳል። ስክሪኑም እንደዚያ ነው፤ ስስ መስታወት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ሪባን የተለጠፈበት። ለሁለት ነው የምናነሳው፤ እሱንም ትንፋሽ ውጠን። ሪባኗ ከተላቀቀች ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር አይጠፋም። ስክሪን መቀየር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ቴሌቪዥን እንደመግዛት ነው። አምፖል ልቀይር ብለው ስክሪን ሰንጥቀው የሚመጡልኝ ሰዎች አሉ። ፊታቸውን ሳይ ዋጋ መጥራት ይከብደኛል።

እኛ ጠጋኞችም ንጹሕ አይደለንም። ሳንከፍት ዋጋ የምንጠራ ሞልተናል። ሌላ ጠጋኝ ስትጠሩ አንተ አጠገቡ ቁም። የባትሪውን ሙከራ እፊትህ ይሥራው። የተቃጠሉትን አሮጌ አምፖሎች ይመልስላችሁ። የተበላሸችዋን አንድ አምፖል ብቻ ነው የሚቀይረው ወይስ ሙሉውን የአምፖል ተርታ? ይህን ጠይቅ፤ የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ፊዚክስ የምትወድ ከሆነ ደግሞ አሠራሩን እያየህ ጠይቀው። ደህና ጠጋኝ ጠያቂ አይጠላም።

ወደፊት መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ታግሣችሁ ስኩት። በክረምት መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የዲሹን ገመድም ንቀሉ። በሱ በኩልም ይገባል።

ጥያቄ፦ እኔ አባይ ማዶ ነኝ። የቴሌቪዥናችን ፊውዝ ተቃጥሎ ባለቤቴ ከአሮጌ ገመድ ሁለት ሦስት ክር መዞ አጣምሮ አገናኘው። ይሠራል። ግን ማታ ማታ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። እሱ «ያንቺ ወጥ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ እትዬ፣ ቀጥሎ ያለውን ከማንበብዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉት። ነቀሉት? እሺ።

ወጥዎ አይደለም። የቴሌቪዥን ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 አምፔር ላይ የተመጠነ ነው። ከዚያ በደንብ ካለፈ ራሱን በጥሶ ቤቱን ያተርፋል። ባለቤትዎ ያጣመሩት ሽቦ ግን ቀልጦ እስኪበጠስ ድረስ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። እስከዚያ የሚግለው ቦርዱ ነው። ፊውዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በከንቱ አይቃጠልም፤ ከሱ ጀርባ ከልኩ በላይ የሳበ ዕቃ ይኖራል። የሚሸትዎ እሱ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት እንዲህ በሽቦ የተጠገነ አንድ ቴሌቪዥን መጥቶልኝ ነበር። ጀርባው ቀልጦ እንደ ሻማ ወርዷል። መጋረጃው ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ እንደነበር ባለቤቱ ነገሩኝ። ደግነቱ አልተኙም ነበር። ባለቤትዎን አልወቅስም፤ ሽቦ ማገናኘት እኛ አገር እንደ ሙያ ይቆጠራል። ግን ያ ቴሌቪዥን ከፍተው የሚያዩለት ሰው ሳያገኝ አይሰካ። አንድ ቀን ጭስ ካዩ ሶኬቱን ለመንቀል ወደ ጭሱ አይጠጉ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ያጥፉ። ውሃም አይድፉበት።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ቴሌቪዥን በጀልባ ለጥገና ሳመጣ ማዕበሉ ረጨው። ጠጋኙ ጋ ሳልደርስ ፀሐይ ላይ ላውለው? ከደረቀ ሰክቼ ልሞክረው?

መልስ፦ አትሞክረው። ፀሐይ የሚያደርቀው ውጪውን ነው። ቺፖቹ ሥር የገባው ውሃ አይታይህም፤ ስትሰካው ግን ኮረንቲው መንገድ አድርጎት ያልፋል፣ ሌላ ጤነኛ ዕቃም ይዞ ይሄዳል። እንዳለ ጠጋኙ ጋ አድርሰው፤ «ውሃ ገብቶበታል» ብለህም ንገረው፤ አትደብቀው። ለመመለሻው ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ከጀልባው መሐል፣ አቁመህ ያዘው። ፍላት ቴሌቪዥን አስተኝተው ሲጭኑት ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።