ለ200 ሊትር አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) የሚስማማ የሲክሊድ ዓሣ ጥንድ፦ ከሐዋሳ አርቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ ጋሼ፣ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም አሠርቻለሁ። ስንት ጥንድ ሲክሊድ ይበቃዋል?

መልስ፦ እስከ አፉ ቢሞላ 200 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና ከላይ የሚተዉት ክፍተት ሲቀነስ ግን ውኃው ከዚያ ያንሳል። እኔ የምመክረው አንድ የሚራባ ጥንድ ብቻ ነው። ሲክሊድ (ብዙ ዝርያዎች ያሉት የዓሣ ቤተሰብ ነው) እንቁላሉንና ጫጩቱን የሚጠብቅ ዓሣ በመሆኑ በእርባታ ጊዜ ድንበር ያበጃል፤ ድንበሩን የሚወስነውም ከውኃው ጥልቀት ይልቅ የወለሉ ስፋት ነው። ሁለት ጥንድ መያዝ ግድ ከሆነብዎ አንደኛው እንደ ክሪቤንሲስ ወለል ላይ በዋሻ ውስጥ፣ ሌላው እንደ ኤንጅልፊሽ ከፍ ብሎ በቅጠል ላይ እንቁላሉን የሚጥል ይሁን። ያን ጊዜም ቢሆን ጫጩት በሚወጣበት ሰሞን ጠብ አይጠፋምና አንዱን ጥንድ የሚያቆዩበት ትርፍ ገንዳ ያዘጋጁ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ የትኛውን ዝርያ ብመርጥ ይሻለኛል? ራም የሚባለው በጣም አምሮኛል።

መልስ፦ ዓሣውን ከመምረጥዎ በፊት ከቧንቧዎ የሚወርደውን ውኃ ይለኩ። ራም የቬንዙዌላና የኮሎምቢያ ዓሣ ነው፤ ለስላሳ (የሟሟ ማዕድን ያነሰበት)፣ ወደ አሲድነት ያዘነበለና እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ይፈልጋል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያረክስ የሟሟ ማዕድን) የበዛበትና ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ የሚያደላ ነው። የከተማው መስመርና በግቢ የተቆፈረ ጉድጓድ አንድ ስላልሆኑ የጎረቤትዎን ልኬት አይመኑ። የእርስዎ ፒኤች (የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ፤ 7 መሃሉ ነው) 7 አካባቢ ከሆነ የመጀመሪያ ምርጫዬ የናይጄሪያና የካሜሩን ተወላጅ የሆነው ክሪቤንሲስ ነው፤ ወንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለዚህ ገንዳ ልክ ነው። ከ7.5 በላይ ከሆነ የመካከለኛው አሜሪካው ኮንቪክት ወይም የታንጋኒካ ሐይቁ ጁሊዶክሮሚስ ይስማማዎታል። ኮንቪክትን ግን ከክሪቤንሲስ ጋር ፈጽሞ አያኑሩ፤ ያሸንፈዋል፣ ይገድለዋልም። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ደግሞ በጥንድ የሚኖሩ ባለመሆናቸው ለአንድ ወንድ ሦስትና ከዚያ በላይ ሴቶች ያስፈልጉታል። ፒኤች በሚያወርድ መድኃኒት ውኃውን መለወጥን አልደግፍም፤ ባይካርቦኔቱ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ዓሣውን ይበልጥ የሚጎዳውም ይህ መዋዠቅ ነው።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ኮንቪክት ገዝቼ አስገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሴቲቱ ክንፏ ተበልቶ ሞታ አገኘኋት። ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። ወንድና ሴት አንድ ላይ ስለተገኙ ብቻ ጥንድ አይሆኑም፤ ሲክሊድ ተጓዳኙን ራሱ ይመርጣል። አስተማማኙ መንገድ ስድስት ያህል ግልገሎችን ገዝቶ አብሮ ማሳደግና ሁለቱ ከመንጋው ተለይተው አንድ ጥግ ሲይዙ ሌሎቹን ወዲያው ማውጣት ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሌሎቹን ለማውጣት አንድ ሳምንት በመዘግየቴ ሁለት ዓሣ ሞቶብኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ምልክቱን በዓይን ማየት ይቻላል። አንገቱ የተሰበረ፣ ቡና ያልተፈላበት አዲስ ጀበና አጥቤ ዋሻ እንዲሆናቸው ገንዳው ውስጥ በጎኑ አስተኝቼ ነበር። ሴቷ ክሪቤንሲስ ሆዷ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ፣ ሰውነቷን እንደ ቀስት አጉብጣ፣ በወንዱ ፊት እየተንቀጠቀጠች ወደ ጀበናው አፍ ትመራው ጀመር፤ ከዚያም ሁለቱም አሸዋውን በአፋቸው እየዘገኑ ወደ ውጭ ያወጡ ነበር። አብረው ሲቆፍሩ ካዩ ተስማምተዋል ማለት ነው። ወንዱ እያሳደደ ሴቷ ከላይ ጥግ ተደብቃ የምትውል ከሆነ ግን ነገ ይሻላል ሳይሉ ዛሬውኑ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ወንፊት ይለያዩዋቸው።

ጥያቄ (ከአሞራ ገደል አጠገብ)፦ ከሐይቃችን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይዞ ማርባት ይቻላል? ትርፍ ጫጩትስ ሐይቁ ውስጥ ብጨምረው?

መልስ፦ ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው፤ ነገር ግን ለእርስዎ ገንዳ እጅግ ያድጋል፤ በጥንድም አይኖርም፤ እናቲቱ ብቻዋን እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ሁለተኛውን ግን እባክዎን በፍጹም አያድርጉት። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ የተለቀቀው ትልቁ አዳኝ ዓሣ ናይል ፐርች የሐይቁን ብዙ የሲክሊድ ዝርያዎች አጥፍቷል። የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የሌለው ዝግ ሐይቅ ነው። ትርፍ ጫጩት ለሌላ አርቢ ይስጡ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ አዲስ አኳሪየም ሞልቼ በማግሥቱ ጥንዱን ላስገባ?

መልስ፦ አይሆንም። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ አሞኒያን (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ደግሞ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር አልካላይ ውኃ ያለው ሰው ይበልጥ መታገሥ አለበት። መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርዎ፤ ምግብ ያቁሙ፤ ሌሊት ከሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ ጥንዴ ሁለት ጊዜ እንቁላሉን በላው። ልለውጠው?

መልስ፦ አይለውጡት፤ ወጣት ጥንድ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይህን ማድረጉ የተለመደ ነው። ሰው ደጋግሞ የማያልፍበት ቦታ ላይ ያኑሩት፤ መብራቱንም በድንገት አያጥፉበት። ክሪቤንሲስ ከሆነ እንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ መዋኘት የሚጀምሩት ግን ከዚያ በኋላ ቀናት ቆይተው ነው። መዋኘት ሲጀምሩ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልለው ጥቂት ጠብታ ይስጡ፤ የተረፈውን በዚያው ቀን በቀጭን ቱቦ ስበው ያውጡ።