ሳትፈርሚም ቲሩማላን ማየት ትችያለሽ

እህቴ፣ ሕንድ አገር ቪሳካፓትናም የምትማሪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን እንደሆንሽ፣ የክፍል ጓደኞችሽም ተራራ ላይ ወዳለው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ፣ ወደ ቲሩማላ አብረሽን ካልሄድሽ እንዳሉሽ ጽፈሻል። የሌላ እምነት ተከታይ ወደ ቤተ መቅደሱ ለመግባት ይፈርማል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። አዎ፣ እውነት ነው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው የቤተ መቅደሱ አምላክ በሆነው በቬንካቴሽዋራ እንደሚያምን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠበቅበታል። “ማን ያውቅብሻል፣ ዝም ብለሽ ተሰለፊ” የሚሉሽ አይጠፉም፤ አትስሚያቸው። የማታምኚበትን መፈረም የራስሽን እምነት ማቃለል ነው፤ ሳይፈርሙ ተደብቆ መግባት ደግሞ የእነርሱን መድፈር ነው። እኔ እዚያው አገር ስማር ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ውስጥ ሳልገባ ተመልሻለሁ፤ ቀረብኝ የምለው ነገር የለም።

ሂጂ የምልሽ ለመንገዱ ስል ነው። ከቲሩፓቲ ከተማ ወደ ላይ የሚወጣ አውቶቡስ አለ፤ እናንተ ግን ከአሊፒሪ ተነሥታችሁ በእግር ውጡ። ደረጃዎቹ 3,550 ያህል ናቸው። ሻንጣችሁን ታች ተቀብለው ላይ ስለሚያስረክቧችሁ ውኃ ብቻ ያዙ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ በማለዳ ጀምሩ። ጋሊ ጎፑራም እስከሚባለው ከፍ ያለ የበር ግንብ ድረስ ያለው አቀበት ጉልበት ይፈታል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለዝብና አጋዘኖች በሚጠበቁበት ደን አጠገብ ያልፋል። ወደ መጨረሻው እንደገና ቀጥ ይላል፤ አንዳንድ ተሳላሚዎች በጉልበታቸው የሚወጡት እዚያ ላይ ነው።

እኔ ስወጣ ከፊቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በእያንዳንዱ ደረጃ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ እርድ፣ ከዚያም ቀይ የኩምኩም ዱቄት በጣታቸው ይቀባሉ። አንድም አልዘለሉም። የእርዱን ዕቃ የያዘች ልጅ ከጎናቸው ትወጣለች። ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ጥድፊያ ላይ ቢሆንም ማንም አልገፋቸውም፤ ሁሉም ዞሯቸው ያልፋል። አንዱ የአምላካቸውን ስም “ጎቪንዳ!” ብሎ ሲጠራ ከላይም ከታችም ይቀበሉታል። እምነታቸው የእኔ አይደለም፤ ለአምላኬ የምከፍለው ድካም ምን ያህል እንደሆነ ግን ራሴን የጠየቅሁት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ላይ ስትደርሱ የተላጨ ራስ በየቦታው ታያላችሁ። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ካልያና ካታ በሚባለው አዳራሽ ጸጉሩን ያስላጫል። ቁልቢ ወርዶ ስለቱን የሚያስገባ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን እፎይታ ታውቂው የለ? እዚያም ያው ነው። በትውፊታቸው፣ ቬንካቴሽዋራ ራሱ ላይ ቆስሎ ጸጉሩ በጎደለ ጊዜ ኒላ ዴቪ የተባለች ልዕልት የራሷን ቆርጣ ሰጥታዋለች፤ የሚላጩትም ያንን እያሰቡ ነው። የተሰበሰበው ጸጉር በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢውም ለቤተ መቅደሱ ነው። ደግሞም ታች በጸጉራቸው ጃስሚን የሚሰኩት ሴቶች ተራራው ላይ አያደርጉትም። እዚያ አበባ ሁሉ የአምላካቸው ነው ብለው ያምናሉና፣ ጓደኞችሽ ከተማ ውስጥ አበባ ቢሰኩልሽ ሳትወጪ አውልቂው።

ምግቡን በተመለከተ ቀድመሽ አስቢበት። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ለመጣ ሁሉ በነፃ ይበላል፤ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭም ጓደኞችሽ ይዘውልሽ ይወጣሉ። ላዱ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከካሹ፣ ከዘቢብና ከሄል ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ቅቤ ስላለበት ለጾም አይሆንም። ከዚህ በላይ ደግሞ ለአምላካቸው የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ለሌላ ጓደኛችን ሰጥቻለሁ።

ጓደኞችሽ ለሰልፉ ሰዓታት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ ምስሉ ፊት የሚቆሙት ግን ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የምትገናኙበትን ቦታ ሳትለያዩ ወስኑ። እስኪወጡ ድረስ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለውን የተቀደሰ ኩሬ፣ ፑሽካሪኒን ተመልከቺ።

እንደማትገቢ ግን ባቡር ላይ ሳትወጡ ንገሪያቸው። በሩ ላይ ደርሰሽ ብትነግሪያቸው ግራ ይጋባሉ። የእኔዎቹ ምክንያቴን ሲሰሙ አልተቀየሙም፤ አንዷ እንዲያውም ከእኔ ጋር ውጭ ልትቀር ፈልጋ በግድ ነው ያስገባናት።