ጥያቄና መልስ፦ ስሙ ተመልሷል፣ እጁስ?

የጥይት ሳጥን ላይ "45-70" የሚል አይታ "ዓመተ ምሕረት ነው?" ብላ የጠየቀችኝ የስድስት ኪሎ ተማሪ

አይደለም ልጄ። 45ቱ የጥይቱ ውፍረት በኢንች መቶኛ ሲሆን 70ው ደግሞ የባሩዱ ክብደት በግሬን ነው፤ 4.5 ግራም ያህል ይሆናል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው ጥይት ነው። በዓመቱ በ1874 ፈረንሳዮች ግራ የሚባለውን ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ያዙ። "ፉዚ ግራ" በአያቶቻችን አፍ ውጅግራ የሆነው፣ ዓድዋም የዘመተው እሱ ነው። ሁለቱ በዕድሜም በውፍረትም እኩዮች ናቸው።

አማቻቸው ዳኛ ያደረጋቸው የአራት ኪሎ ነዋሪ

ደብዳቤያቸው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ኮሎራዶ የሚኖረው አማቻቸው አዳኝ ነው። "እንደገና መሠራት ጀመረ" ሲባል ሰምቶ ማርሊን 1895 የሚባለውን ሞዴል ገዝቷል፤ ከቃታው በታች ባለው ማንሻ የሚቀባበል ጠመንጃ ነው። እሱ አዲሱ ከድሮው ይበልጣል ይላል፤ ጓደኛው ደግሞ የቀረው ስሙ ብቻ ነው ባይ ነው። እርሳቸው በክረምት ሊጠይቁት ይሄዳሉ። "ጋሼ፣ ምኑን አይቼ ልፍረድ?" ብለውኛል።

ሠላሳ ዓመት ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ለቆመ ሰው ይህ የጠመንጃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1870 ኮኔቲከት ውስጥ የተቋቋመ ፋብሪካ ነበር። ሌላው ጠመንጃ ሠሪ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሊገዛው ተስማማ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራው ወደ ኒውዮርክ ግዛት ሄደ። ማሽን በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ የማሽኑን ዐመል የሚያውቀው ሠራተኛ ግን አብሮ አይጫንም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ገዢዎች ስለተጣመመ ማነጣጠሪያና ከብረቱ ጋር ስላልገጠመ እንጨት አማረሩ። ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲከስር ሩገር የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ማርሊንን ገዛው፤ በ2021 መጨረሻም የመጀመሪያውን 1895 ከኖርዝ ካሮላይና አወጣ።

የነገሩን ክብደት ከራሴ ነው የማውቀው። የሠራሁበት አንድ ድርጅት ቦታ ሲቀይር አንድ አዛውንት ሠራተኛ በጡረታ ተሸኙ። አንደኛው ቶርኖ ጫፉ ላይ በፀጉር ያህል እንደሚያሰፋ የሚያውቁትና በእጃቸው የሚያካክሱት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያ ወር የቆረጥነው ዘንግ አብዛኛው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄደ። የሥራው ሥዕል ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሥዕሉ ላይ ያልተጻፈው ነው።

ስለዚህ ሲሄዱ እንዲህ ይዩ። በመጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ ባዶ መሆኑን ያሳይዎት፤ ማንሻው ወርዶ ጥይት የሚተኛበት ጉሮሮም ከበርሜሉ በታች ያለው፣ ጥይት የሚደረደርበት ቱቦም ይታይ። ይህ ሳይሆን እጅዎን አያሳርፉበት። ቀጥሎ ከኋላ ሆነው የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያውን ያስተያዩ። በርሜሉ ወደ አካሉ ሲጠመዘዝ ከልኩ ካለፈ ወይም ካነሰ የፊተኛው ያዘነብላል፤ ይህ የጥድፊያ ምልክት ነው። እንጨቱ ከብረቱ የሚገናኝበትን በጥፍርዎ ይሂዱበት፤ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ማንሻውን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት ያውርዱና ይመልሱ። ትንሽ የጎን ንቅናቄ የማንኛውም ማጠፊያ ጠባይ ነው። የሚያሳስበው ሁልጊዜ በአንዱ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ወይም ተዘግቶ ሳለ በራሱ ከወደቀ ነው። ጥይት የሚገባበትን የጎን በር በአውራ ጣት ይግፉት፤ ጠርዙ ከቆረጠ መጨረሻ ላይ ሞረድ የያዘ ሰው አላየውም ማለት ነው።

የመቁረጫ መስመር ውስጡ ላይ ቢያዩ ግን አይፍረዱበት። የማይፋተግ ቦታ ላይ ያለ መስመር መልክ እንጂ ጉድለት አይደለም። ሰዎች በፎቶ የሚጨቃጨቁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ትዕግሥቴን የሚፈትነውም እሱ ነው።

ጥይቱ በተኛበትና በመዝጊያው መካከል ያለው ክፍተት በዓይን አይለካም። ለዚያ እዚያው አገር መለኪያ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ አለ፤ የግድ ይታይ።

የእኔ አስተያየት? ሩገር በርሜሉን የሚሠራው ብረቱን ሳያግል በመዶሻ ማሽን እየቀጠቀጠ፣ የውስጡን ጥምዝ አብሮ እያወጣ ነው። ቁራጮቹን እያንዳንዳቸው እኩል የሚያወጣ ማሽን ሲኖር በሞረድ የሚያስተካክል እጅ አያስፈልግም። አማችዎ የተሻለ የማለት መብት አለው። የድሮው ግን ሌላ ዕውቀት ነበር፣ የጠፋውም እሱ ነው፤ ጓደኛውም አልዋሸም። መለያ ቁጥሩ በላቲን ፊደል "አር-ኤም" ብሎ ከጀመረ የሩገር ሥራ ነው፤ ስለየትኛው እንደሚከራከሩ መጀመሪያ በዚያ ይስማሙ።

"ሲመለሱ አንድ ይዘውልኝ ይምጡ" ያሉት የኚሁ የአራት ኪሎ ነዋሪ ጎረቤት

አይሆንም። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው።

የማርሊኑ ጥይት ጫፍ ለምን ደፍጣጣ ሆነ?

በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ በሰልፍ ስለሚተኙ ነው። ሹል ቢሆን ከፊቱ ያለውን ጥይት ማቀጣጠያ ሊወጋው ይችላል።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ "ጀርመን ሠራሽ" አሮጌ ቶርኖ ሊገዛ ያለ ወጣት

አገሩን ተወውና መቁረጫው የሚሄድበትን ሐዲድ እይ። ብዙ የሚሠራው ብረቱን የሚይዘው ራስ አጠገብ ስለሆነ የሚበላውም እዚያ ነው። መቁረጫውን የሚሸከመውን ተንሸራታች እዚያው ራስ አጠገብ ልቅነት እስኪጠፋ አጥብቀው፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ግፋው። መሃል መንገድ ላይ ከያዘህ ሐዲዱ ተበልቷል። ሻጩ ቀለም ቀብቶት ከሆነ ደግሞ ሁለቴ እይ።

በአያቷ ሳጥን ውስጥ ምንሽር ከነጥይቱ ያገኘችው የሠራተኛ ሰፈር ልጅ

ወንድምሽ ዝገቱን አራግፎ በሙት ዓመታቸው ሊተኩስ ማሰቡን ጽፈሻል። አይተኩስ፤ እባክሽ፣ ዛሬውኑ ንገሪው። ዝገት ከውጭ ሲራገፍ የውስጡ አይታይም፤ መዝጊያው ከተፈነቀለ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ያረጀ ጥይት ምላጩ ተስቦ ዝም ሊል፣ ሰውየው "ከሸፈ" ብሎ ሲከፍተው ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ሰማይ የተተኮሰም ተመልሶ የሰው ጣራ ላይ ይወርዳል፤ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ጣራ ለጣራ የተያያዘ ነው።

ሳጥኑን ዝጉት፤ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ጠመንጃውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በታክሲ አትውሰዱት። ወደ ወረዳችሁ ፖሊስ ደውላችሁ መጥተው እንዲረከቡ አድርጉ። የአያትሽ መታሰቢያ መሆኑን ንገሯቸው፤ ፎቶግራፍም አስቀሩ። ፖሊስ መጥቶ እንደወሰደው አንድ መስመር ብትጽፊልኝ እረጋጋለሁ።