ድንጋይ ከሰል ለምን አንዴ ነዳጅ አንዴ ኮክ ይሆናል ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ድንጋይ ከሰል ሲሞቅ ቀልጦ ነዳጅ ይሆናል ይባላል፣ ኮክም (ብረት ማቅለጫ ላይ የሚጠቀሙበት ካርቦን የበዛበት ጠጣር) ከሱ ነው የሚሰራው ይባላል፣ ታዲያ አንዱ ፈሳሽ ሌላው ጠጣር የሚሆነው ለምንድነው፣ ደግሞስ የትኛውም ከሰል ይሆናል ወይ ነው ያልከው። እኔ ከሰል የሚመረመርበት ላብ ውስጥ ለብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

መጀመሪያ ሃይድሮጅንን ያዝልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ለኮክ የሚሆን ከሰል ውስጥ ለ10 የካርቦን አቶም 7 ወይ 8 ሃይድሮጅን ብታገኝ ነው፣ ናፍጣ ውስጥ ግን ለ10 ካርቦን ሃይድሮጅኑ ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ ፈሳሽ ስትፈልግ ሃይድሮጅን ከሌላ ቦታ አምጥተህ ትጨምርለታለህ፣ ኮክ ስትፈልግ ያለውንም አስወጥተህ ካርቦኑን ታስቀራለህ። ቀልጦ ነዳጅ ይሆናል የሚለው ወሬ ልክ የማይሆነው እዚህ ጋ ነው፣ ማሞቅ ብቻውን የሚሰጥህ ጋዝና ትንሽ ቅጥራን ነው፣ አብዛኛው እዛው ጠጣር ሆኖ ይቀራል።

ከኮኩ ልጀምር፣ በእጄ አብዝቼ የሰራሁት እሱን ስለሆነ። ጥሩ ኮክ የሚሆን ከሰል አየር ሳይነካው ስታሞቀው 350 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ይለሰልሳል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ አረፋ ይሰራበታል፣ ከዛ ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ መልሶ ይደርቃል። ፋብሪካ ላይ ግን እዛ አያቆሙትም፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ አድርሰው 15፣ 20 ሰአት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ያቆዩታል፣ የቀረችው ሃይድሮጅን ተሟጣ እንድትወጣ። ከ1 ቶን ከሰል 700 ኪሎ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ኮክ ይገኛል፣ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሃይድሮጅን ነው፣ ከቅጥራኑና ከጋዙ ናፍታሊን፣ አሞንያ፣ ቤንዝን (ከመኪናው ቤንዚን ጋር እንዳታምታታው) ይለያሉ።

ላብ ላይ ይሄን የምናየው በ1 ግራም ነው። የተፈጨውን ከሰል ክዳን ያላት ትንሽ ክሩሲብል (ሙቀት የምትችል ጽዋ) ውስጥ አድርገህ በ820 ዲግሪ ጥቂት ደቂቃ ታሞቃለህ፣ ነበልባሉ ሲያልቅ ክዳኑን ታነሳለህ። ጥሩ ከሆነ አብጦ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ደረቅ የልብስ ቁልፍ የሚመስል ነገር ታገኛለህ፣ እሱን ከስእል ጋር አስተያይተህ እስከ 9 ቁጥር ትሰጠዋለህ። ጥሩ ካልሆነ ግን ዱቄት ያስገባኸው ዱቄት ሆኖ ነው የሚጠብቅህ፣ ስትነካው ይበተናል።

አንድ ጊዜ 7 ይሰጣል ተብሎ የመጣ ናሙና እኛ ጋ 3 እንኳን አልሞላም፣ ለኮክ አይሆንም ብለን ሪፖርት ላክን። በኋላ ሲጣራ ናሙናው ከተፈጨ በኋላ ክዳን በሌለው ትሪ ላይ ሳምንታት ቆይቶ ነው ለካ፣ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ኦክስጅን ከሰሉን ሲያገኘው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል፣ የታሰረ ነገር ደግሞ አይለሰልስም፣ ካልለሰለሰ አይጣበቅም። አዲስ ናሙና አስመጥተን ስንደግመው 7 ሰጠ። ሰዎቹ በኛ ወረቀት ምክንያት ከሰሉን ሊተዉት ነበር፣ እስከዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። ከዛ ወዲህ ናይትሮጅን ተሞልቶ ታሽጎ ያልመጣ ናሙና አልቀበልም።

አሁን ወደ ፈሳሹ። ሁለት መንገድ አለ። ቀጥታ የሚባለውን በርጊየስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በፈረንጆቹ 1913 ነው ፓተንት ያወጣበት፣ በ1931 ከካርል ቦሽ፣ ከሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ከሰሉን ፈጭተህ በከባድ ዘይት ትለውሰዋለህ፣ በ450 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ200 አትሞስፌር በማያንስ ግፊት ሃይድሮጅን ትሰጠዋለህ። ሙቀቱ ትልልቁን ሞለኪውል ይሰባብራል፣ ስብርባሪው ራዲካል ነው፣ ብቻውን መቆየት አይችልም፣ ሃይድሮጅን ቶሎ ከደረሰለት ረግቶ ዘይት ይሆናል፣ ካልደረሰለት እርስ በርሱ ይያያዝና ኮክ ይሆናል። ጥያቄህ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳትህን የወደድኩት ለዚህ ነው፣ ኮክ ነዳጅ ሰሪው የሚፈራው ነገር ነው። ትንሽ ኦቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ዝግ የብረት እቃ) ላይ ስንሰራ ማማሰያው መሀል ላይ ቆሞብን ያውቃል፣ ስንከፍተው ላይ ላዩ ዘይት ነው፣ ታቹ ግን በመዶሻ የማይነቀል ጥቁር ድንጋይ ይዟል። ከሰሉ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ ሃይድሮጅኑ ብቻ ነው ታች ያልደረሰው።

ሁለተኛው፣ የጋዙ መንገድ፣ የፊሸርና የትሮፕሽ የተባሉ ኬሚስቶች ነው፣ 1925 አካባቢ እዛው ጀርመን የተገኘ። እዚህ ከሰሉን ጭራሽ ታፈርሰዋለህ፣ በእንፋሎትና በኦክስጅን ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ታደርገዋለህ፣ ከዛ በብረት ወይ በኮባልት ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ በ200 እና 350 ዲግሪ መሀል መልሰህ በሰንሰለት ትገጣጥመዋለህ። ቅዝቅዝ ብሎ ሲሰራ ነጭ ሰም ይበዛል፣ ሰሙን ሰባብረህ ናፍጣ ታደርገዋለህ። ሰልፈር ግን ቀድሞ መጽዳት አለበት፣ ትንሿም ብትሆን ካታሊስቱን ትገድለዋለች። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከሪአክተሩ (ለውጡ ከሚካሄድበት ጋን) የሚወጣው ውሃ በክብደት ከነዳጁ ይበልጣል፣ ለእያንዳንዱ 14 ግራም ነዳጅ 18 ግራም ውሃ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳሶልበርግ ላይ ከ1955 ጀምሮ በዚህ መንገድ ተሰርቷል፣ በኋላ ሴኩንዳ ላይ በጣም ሰፋ። የሚያሳስበኝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፣ የጎደለው ሃይድሮጅን የሚመጣው ከውሃ ስለሆነ የውሃውን ኦክስጅን ተሸክሞ የሚሄደው የከሰሉ ካርቦን ነው፣ ትልቅ ድርሻው ነዳጅ ሳይሆን አየር ላይ ይቀራል።

የትኛው ከሰል ላልከው፣ ለኮክ የሚለሰልስና የሚያብጥ፣ አመዱና ሰልፈሩ ዝቅ ያለ ብቻ ነው። ለቀጥታው መንገድ ወጣቱ ከሰል ይሻላል፣ አንትራሳይት (በጣም ያረጀው ጠንካራ ከሰል) አይሞከርም። ለጋዙ መንገድ ሪአክተሩ ከተመረጠለት ሁሉም ይሆናል ማለት ይቻላል።

እባክህ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ዘግተህ ቤት እንዳትሞክረው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽታ የለውም፣ ቅጥራኑም ካንሰር ያመጣል። ናሙና ካለህ አየር በማያስገባ እቃ ሞልተህ አሽገህ ቶሎ ላብ ስጠው፣ የተፈጨበትን ቀን አጽፍበት፣ የቮላታይሉን (ሲሞቅ በጋዝና በእንፋሎት የሚወጣውን)፣ የሰልፈሩንና የእብጠቱን ቁጥር እዚህ ለጥፍልኝና አብረን እናየዋለን።