የሁለት ቤት ልጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት፣ ወላጆቻቸው ስለተፋቱ ጎረምሶችና ኮረዳዎች ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ፤ ሁለት ልጆችም ለብቻዬ አሳድጋለሁ። ስለዚህ አንዳንዱ መልስ ከሥራዬ፣ አንዳንዱ ከራሴ ስህተት የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ከተለያየን 2 ዓመት ሆነን። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። አባቱ ሲወጣ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» ብዬው ነበር። አሁን የእህቱን ስልክ ይፈትሻል፤ እኔንም «የት አመሸሽ?» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ቃል እኔም ብዬዋለሁ። አባት ከቤት በጠፋ ቁጥር ዘመዱ ሁሉ የልጁን ትከሻ መታ መታ እያደረገ የሚናገረው ነው። ለማጽናናት ነው፤ ልጁ ግን እንደ ሹመት ይቀበለዋል። ገንዘብ አያመጣ፣ ቤት ኪራይ አይከፍል። በሹመቱ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር መቆጣጠር ነው። የእህቱን ስልክ የያዘውም ለዚህ ነው።

ሹመቱን ራስሽ አንሺለት። እህቱ በሌለችበት ቁጭ አድርገሽ «ያኔ ጨንቆኝ ነው እንደዚያ ያልኩህ። የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ አንተ ልጄ ነህ» በይው። መጀመሪያ ሊቆጣ ይችላል። ቆይተው ግን ሸክም እንደወረደላቸው ፊታቸው ላይ የሚታይባቸው ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ሥራ አትንፈጊው፤ ውሃም ይቅዳ፣ ዕቃም ይጠብ። የቤት ኪራዩን ጭንቀት ግን ለጓደኛሽ ንገሪ። ማታ አጠገቡ ተቀምጠሽ ስለ አባቱ አታልቅሺ። (እኔ አልቅሻለሁ። በማግስቱ ልጄ ፈተና ነበረበት።)

ጥያቄ፦ ሰፈር ውስጥ ልጄን «ሴት ያሳደገው» ብለው ሰደቡት። ምን ልበለው?

መልስ፦ «አዎ፣ እናቴ ናት ያሳደገችኝ» ብሎ ይለፍ። ደግሞም የሚያከብረው አንድ ወንድ በቅርቡ ይኑር፤ አጎት፣ አሰልጣኝ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሊሆን ይችላል። ሰውየውን አንቺም በደንብ እወቂው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 12 ዓመቷ ነው። እናቷ አረብ አገር ናት። ስለ የወር አበባ እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለጠየቅህ ብቻ ግማሹን ሠርተሃል። ሳይመጣባት በፊት ንገራት። አክስቷ ብታግዝህ ጥሩ ነው፤ ግን ነገሩን ሁሉ ለአክስት አስረክበህ አትጥፋ። ልጅቷ «አባቴ ያፍርብኛል» ብላ እንድታድግ አንፈልግም። ሞዴስ ገዝተህ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጥ። «እዚህ አለ፤ ሲያልቅ ንገሪኝ» በላት፣ በቃ። አንድ እሽግና ቅያሪ የውስጥ ልብስ በደብተር ቦርሳዋ ይኑር። ባለሱቁ በጥቁር ፌስታል ቢጠቀልልልህም አንተ አትደብቀው። ህመሙ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዳት።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ አባቴ ጋ ውዬ ስመለስ እናቴ «ማን ነበረች? ምን አለች?» ትለኛለች። ብናገር አባቴን፣ ዝም ብል እሷን ያስከፋብኛል።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አንተ ሰላይ አይደለህም። እናትህ ባልተናደደችበት ሰዓት «እማ፣ የእዚያን ቤት ወሬ እዚህ፣ የእዚህን እዚያ አላወራም» በላት። ደጋግመህ በላት፣ ትለምደዋለች። ወላጆች ደግሞ «የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል በለው» ብላችሁ ልጅ አትላኩ። ቴሌግራም ለምን ተሠራ?

ጥያቄ፦ አባቱ 6 ወር ሙሉ ቀለብ አልሰጠም። ልጁን እንዳያይ ልከልክለው?

መልስ፦ አትከልክይው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ቀለቡና ስለ መጠያየቁም ይወስናል። ቀለብ ካልተከፈለ አባት ልጁን ማየቱ ይቅር አይባልም፤ አንዱ የሌላው መያዣ አይደለም። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የምትኖሪበትን ክልል ሕግ ጠይቂ። የፍርድ ቤት ውሳኔ እጅሽ ላይ ካለ ውሳኔው እንዲፈጸም ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ፤ ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ማስደረግ ይቻላል። አትዘግዪ፤ ውዝፍ ቀለብ ሳይጠየቅ ከቆየ ሊቀር ይችላል። ደግሞ እባክሽ፣ «አባትህ ብር አልላከም» የሚለውን ልጁ ፊት አታንሺ። እሱ የሚሰማው «እኔ ዕዳ ነኝ» የሚል ነው።

ጥያቄ፦ 14 ዓመት የሆናት ልጄ በተጣላን ቁጥር «አባቴ ጋ እሄዳለሁ» ትላለች።

መልስ፦ ማስፈራሪያ ከሆነ በማግስቱ ትረሳዋለች። በሰከነ ሰዓትም ከደገመችው «እዚያ ያለ፣ እዚህ የሌለ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። አንዷ ተማሪዬ መልሷ «እዚያ ብቻዬን የምተኛበት ክፍል አለኝ» ነበር። እናቷ ቤቱን በመጋረጃ ከፈለችላት። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው የሁለታችሁን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጅቷን ዕድሜና ጥቅምም ያያል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። ልጄ ስደውልለት «ደህና» ብቻ ብሎኝ ይዘጋል።

መልስ፦ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለህ ስትጀምር ነዋ! አርሴናል ስንት ለስንት እንደወጣ ጠይቀው። አንተ ጠዋት ሥራ ልትገባ ስትል እዚህ ከትምህርት ቤት መመለሻ ሰዓት ነው፤ ያኔ 5 ደቂቃ ደውል። በወር አንዴ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ምክር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ዝምታው ጉርምስና ይሁን ሕመም በምን ልለይ?

መልስ፦ በር መዝጋት፣ መነጫነጭ፣ ጓደኛን ከቤተሰብ ማስበለጥ ጉርምስና ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹም ከራቀ፣ የሚወደውን ነገር ከጠላ ሐኪም ይየው። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ የዚያኑ ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል አለ።

ጥያቄ፦ ፋሲካ የት ይዋል?

መልስ፦ ከሁዳዴ መጨረሻ በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ልጁን ግን «ማንን ትመርጣለህ?» አትበሉት። እኛ ቤት ፆሙ እኔ ጋ ይፈታል፣ ከሰዓት አባታቸው ጋ ይሄዳሉ። በአንድ ቀን ሁለት ዶሮ ወጥ በላሁ ብሎ ያማረረ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።