አርዱዪኖ ወይስ ማይክሮቢት? የአሥር ዓመት ልጅ ኮድ ሲጀምር

«የአሥር ዓመት ልጄን ኮድ ማስተማር እፈልጋለሁ፤ በአርዱዪኖ ልጀምር ወይስ በማይክሮቢት? እኔ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የማውቀው የለም፤ ኢንተርኔታችንም ይቆራረጣል» ብለው ለጠየቁን እህታችን፣ ላለፉት አራት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች ሳስተምር ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

በማይክሮቢት ይጀምሩ። ሁለቱም ኮድ ተጭኖባቸው የሚሠሩ ትንንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች (ቦርዶች) ናቸው። አርዱዪኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ለዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ግሩም ቦርድ ነው፤ ነገር ግን አንድ መብራት ከውጭ አገናኝቶ ለማብራት እንኳ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ዕቃ)፣ ብሬድቦርድ (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና ሽቦ ስለሚፈልግ፣ መብራቱ እምቢ ሲል ልጁ ስህተቱ ከኮዱ ይሁን ከሽቦው መለየት ያቅተዋል። ማይክሮቢት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ለአንድ ሚሊዮን ገደማ የ11 እና የ12 ዓመት ተማሪዎች በነፃ እንዲታደል የተሠራ ስለሆነ፣ 25 ትንንሽ መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎች፣ እንዲሁም እንቅስቃሴንና ሙቀትን የሚለኩ ሴንሰሮች እላዩ ላይ አሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎ ሜክኮድ በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ብሎኮችን (የተዘጋጁ የትእዛዝ ቁራጮችን) እየገጣጠመ፣ ስክሪኑ ላይ በሚታየው የቦርድ ምስል ይሞክር። ገጹ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ ሥራው የሚቀመጠው ግን እዚያው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ፣ ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጥን ከመጀመሪያው ቀን ያስለምዱት። ቦርዱ ሲመጣ ደግሞ ስለ ገመዱ አደራ እላለሁ። እኛ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ያባከንነው ኤሌክትሪክ ብቻ በሚያስተላልፍ የቻርጀር ገመድ ነበር፤ ቦርዱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ማይክሮቢት እንደ ፍላሽ ሆኖ ካልታየ ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ።

ልጆቹ ከሁሉ በላይ የተማሩበት ሥራ የአበባ ማሰሮ ነበር። ሁለት ሚስማሮች አፈር ውስጥ ተክለን፣ አንዱን 3 ቮልት ከሚሰጠው ቀዳዳ፣ ሌላውን 0 ከሚል ቀዳዳ ጋር በመቆንጠጫ ሽቦ አገናኘን። አፈሩ ሲርስ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያልፍ ከ0 እስከ 1023 ባለው መለኪያ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሲደርቅ ይወርዳል። በሳምንቱ አንደኛው ሚስማር ተበልቶ አገኘነው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሚስማሩን በጣቷ እያሻሸች «ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍበት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሚስማሩን ከ3 ቮልቱ አንሥታ 1 ከሚለው ቀዳዳ ጋር አገናኘችና፣ ለመለካት ብቻ ለአፍታ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ ወዲያው እንዲያጠፋ ኮዱን ራሷ ቀየረችው። ይህን በሰሌዳ ላይ ባስረዳት ኖሮ አብሯት የሚቆይ አይመስለኝም።

ኤሌክትሮኒክስ አለማወቅዎ እንዳያሳስብዎ። ከእርስዎ የሚፈለገው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ኮዱን ቦርዱ ላይ ከመጫኑ በፊት «ምን ይሆናል ብለህ ትጠብቃለህ?» ብሎ መጠየቅና፣ ሲሳሳት ማውሱን ከእጁ አለመቀማት ነው። የብሎኮቹ እንግሊዝኛም ብዙ አያግደውም፤ «ፎርኤቨር» የሚለውን «ሳያቋርጥ» ብለን አንድ ጊዜ ከነገርናቸው ወዲያ ልጆቹ ብሎኩን በቀለሙ ያገኙታል። አርዱዪኖውን፣ ማይክሮቢቱ የማይበቃው ሥራ ይዞ ሲመጣ ያን ጊዜ ይግዙለት።