ከሦስት ወር በኋላ የመጣው መጠይቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። አባቴ ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሦስት ወር ሲሞላቸው በፖስታ መጠይቅ መጣ። «ልብስዎን በራስዎ ይለብሳሉ? መጸዳጃ ቤት ብቻዎን ይሄዳሉ? ይከፋዎታል?» እያለ ይጠይቃል። አባቴ «ማን ነው ስሜን መዝገብ ውስጥ ያስገባው?» ብለው ተቆጡ። እናቴ ደግሞ «ሁሉም ደህና ነው ብለሽ ሙዪው፤ ሐኪሞቹ እንዳይቀየሙን» ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የአባትሽ ቁጣ ይገባኛል። በእሳቸው ዕድሜ ያለ የአገራችን ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ ሲሉት ቀድሞ ትዝ የሚለው የሆስፒታል ካርድ ክፍል አይደለም።

ይህኛው መዝገብ ሪክስስትሮክ ይባላል፤ የስዊድን ሆስፒታሎች የስትሮክ ሕክምናቸውን ጥራት የሚለኩበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የተጀመረ ሲሆን፣ ከ1998 ወዲህ ድንገተኛ ስትሮክ የሚቀበሉ የስዊድን ሆስፒታሎች በሙሉ ይሳተፉበታል። ማስተባበሪያው በሰሜን፣ ኡሜዮ ከተማ ነው። አባትሽ አልፈልግም ካሉ መብታቸው ነው፤ የገባውም መረጃ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ የተነሳ ሕክምናቸው አይጓደልም። ሆስፒታል ሳሉ ተነግሯቸው ይሆናል፤ ስትሮክ በመታው ሰው ጆሮ ግን በዚያ ሳምንት የሚገባው ነገር ጥቂት ነው።

እኔ ግን እንዲሞሉ እመክራለሁ። ምክንያቴን ከራሴ ልጀምር። ለዓመታት በስትሮክ ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ ሆስፒታሉን አልጠራውም። ስትሮክ የመታው ሰው አፉ ባይጣመም እንኳ ጉሮሮው ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ ምግብም ሆነ ክኒን ከመስጠታችን በፊት ቀጥ አድርገን እናስቀምጠውና ውሃ በሻይ ማንኪያ እናቀምሰዋለን። ሲውጥ ማንቁርቱን እናያለን፤ ከዚያ «ስምዎ ማን ነው?» እንላለን። ካሳለ ወይም ድምፁ ውሃ የቋጠረ ከመሰለ እናቆማለን፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ጉርሻ የሳንባ ምች ያስከትላልና። ይህንን ለእያንዳንዱ ታማሚ እንደምናደርግ ሁላችንም እንምል ነበር። አንድ ዓመት ለመዝገቡ የሞላነውን ራሳችን በቀን ከፋፍለን ስናየው፣ ቅዳሜና እሁድ ከገቡት ታማሚዎች የብዙዎቹ የመዋጥ ምርመራ ሣጥን ባዶ ነው። ተናደድን። መዝገቡ ተሳስቷል አልን። አልተሳሳተም፤ ነባሮቹ ነርሶች እረፍት የምንወጣው ቅዳሜና እሁድ ነበር፣ ተተኪዎቹን ደግሞ ማንኪያውን ማንም አላስተማራቸውም። አንዷ እረፍት ወጪ እኔው ነበርኩ።

ቁጥር አገርም ይሻገራል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ስትሮኩ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሄልሲንኪ ላይ በ1998 ታማሚው ከሆስፒታሉ በር ገብቶ መርፌውን እስኪያገኝ በመካከለኛ ግምት 105 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እያንዳንዱን ታማሚ እየመዘገቡ፣ ጊዜው የት እንደሚባክን እየለዩ፣ በ2011 ወደ 20 ደቂቃ አወረዱት። አዲስ መድኃኒት አልፈለሰፉም። አምቡላንሱ ቀድሞ ይደውላል፤ የታማሚው የጤና ታሪክ በመንገድ ላይ እያለ ይጣራል፤ አልጋ ሳይቀይር በአምቡላንሱ ቃሬዛ በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ይገባል፤ መርፌውንም እዚያው ይወጋል። ይህንኑ አሠራር በአውስትራሊያ ሜልቦርን ያለ ሆስፒታል ወስዶ በአራት ወር ውስጥ በሥራ ሰዓት ከ43 ወደ 25 ደቂቃ አደረሰው። ሌሊትና ቅዳሜና እሁድ ግን ብዙም ፈቀቅ አላለም። ያቺ የቅዳሜ ነገር እዚያም አለች!

በቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ በ2016 የተጀመረው ሬስ-ኪው የሚባለው መዝገብ ደግሞ ለብዙ አገሮች የተከፈተ ነው። ቅጹ አጭር ስለሆነ የራሱን መዝገብ ለማቋቋም አቅም የሌለው አገር ሆስፒታልም ሊሞላው ይችላል። እኔ በጣም የምወደው ታማሚዎች በገቡበት ተራ እንዲመዘገቡ መጠየቁን ነው፤ የተሳካላቸውን ብቻ መርጦ መላክ አይቻልም። ደቂቃም ብቻውን ያታልላል። ከመቶ ታማሚ ሁለቱን ብቻ በፍጥነት የወጋ ሆስፒታል በደቂቃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ስንት ደቂቃ ሲሉሽ፣ ለስንት ሰው ብለሽ ጠይቂ።

ወደ እናትሽ ምክር ልመለስ። አትስሚያቸው። ሆስፒታሉ አባትሽን የሚያውቃቸው በሩን እስከወጡበት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚነግረው ይህ ወረቀት ነው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እናትሽ የሚቆልፉላቸው ከሆነ «በራሴ እለብሳለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አታድርጊ። አባትሽ እየነገሩሽ አንቺ ብትሞዪላቸው ነውር የለውም፤ ስለ ስሜት የሚጠይቀውን ግን እናትሽ ሌላ ክፍል ሳሉ ጠይቂያቸው። ወንድ አባት በሚስቱ ፊት ከፋኝ አይልም።

መጠይቁ ሕክምና እንዳይመስልሽ። አንብቦ ነገ የሚደውልላችሁ ሰው አትጠብቂ። አባትሽ እንቅልፍ ካጡ፣ ከሰው ከራቁ ወይም ዝም ብለው ካለቀሱ ዛሬውኑ ለጤና ጣቢያቸው ደውለሽ ቀጠሮ ያዢላቸው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የተለመደ ነው፤ ይታከማልም። ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተያዘ ደግሞ ወዲያው 112። መጀመሪያ የታየበትን ሰዓት ጻፊው፤ አምቡላንሱ ቀድሞ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።